‹‹በወር ስንት ትችላለህ?››

የእንጀራዬ ነገር መኪና መጠበቅ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ፣ ቁም ሣጥን በምታክል የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እሰጣለሁ፣ ገንዘብ እቀበላለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ስጠብቅ እውልና ማታ ደግሞ አውቶቡስ እጠብቃለሁ። ቤቴ ሜሪላንድ ነው። በመኪና ቢበዛ ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ በባቡርና በአውቶቡስ ሲሆን አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይበላል።

ባለፈው ጃንዋሪ አንድ ማታ ባቡሩ ዘገየና የመጨረሻው አውቶቡስ አመለጠኝ። ታክሲ ልጥራ ብል የሦስት ሰዓት ደመወዜን ሊወስድ ነው። በእግሬ ልሂደው አልኩ። ሐበሻ አይደለሁ እንዴ? እግር ምን ሊሆን ነው? ሃያ ደቂቃ ያህል እንደተጓዝኩ የእግረኛ መንገዱ አለቀ። ዝም ብሎ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው በረዶ የተከመረበት ጠርዝ ነው፤ ከጠርዙ ቀጥሎ የሚከንፉ መኪኖች ናቸው። አንዱ አጠገቤ ሲደርስ ክላክሱን አንባረቀብኝና በመስኮት የሆነ ነገር ተናግሮ አለፈ። ቃሉን አልሰማሁትም። ምርቃት እንዳልሆነ ግን ገብቶኛል።

በማግስቱ አጎቴ ጋ ደወልኩ። አጎቴ እዚህ ከተማ ታክሲ ሲነዳ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

‹‹ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው›› አልኩት።

‹‹በመጨረሻ ነቃህ! እዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው እግሩ እንደተቆረጠ ቁጠረው›› አለኝ። ቅዳሜ ዕለት እሱው ይዞኝ ወደ መኪና መሸጫ ሄደ።

ሻጩ ደግ ሰው ይመስላል። ቡና አቀረበልን፤ ስለ አገራችን ጠየቀን። እኔ አንዷን ግራጫ መኪና እያሳየሁት ‹‹ዋጋዋ ስንት ነው?›› አልኩ። መልሱ ጥያቄ ሆነ። ‹‹በወር ስንት ትችላለህ?›› ጥያቄዬን ደገምኩለት። እሱም የራሱን ደገመልኝ። ሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅ ስል አጎቴ ጎሸም አደረገኝ። መጨረሻ ላይ የመጣው ወረቀት ለሰባ ሁለት ወር በየወሩ የምከፍለውን ቁጥር ይዟል። ሰባ ሁለት ወር ማለት ስድስት ዓመት ነው። ቁጥሩ ደግሞ ለእናቴ በየወሩ ከምልከው እጥፍ ይበልጣል። እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ‹‹አስቤ እመለሳለሁ›› አልኩ። አጎቴ ቤት እስክንደርስ አላናገረኝም።

ያቺ ጥያቄ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ዋጋ የጠየቀን ሰው ‹‹በወር ስንት ትችላለህ?›› ብሎ መመለስ መቼ ነው የተጀመረው? ፓርኪንግ ውስጥ ከጠዋቱ ግርግር በኋላ እስከ ከሰዓት ድረስ ጭር ይላል። ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ስለ አሜሪካ መኪና ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

የሀብታም መጫወቻ

አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን መኪና ሠርተው ለገበያ በማቅረብ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ቻርልስ እና ፍራንክ ዱርዬ። ስማቸው ነው፣ ስድብ አይደለም። ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። በ1893 ስፕሪንግፊልድ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሞተር የተገጠመላትን ጋሪያቸውን መንገድ ላይ አወጧት። በ1895 ቺካጎ ላይ በበረዶ ውስጥ በተደረገ ውድድር ፍራንክ አሸነፈ። በ1896 አንድ ዓይነት የሆኑ 13 መኪኖች ሠሩ። ኢንዱስትሪው በዱርዬዎች ተጀመረ ብል እንግዲህ አልዋሸሁም።

በዚያው በ1896፣ ጁን ወር ላይ፣ ዲትሮይት ውስጥ ሄንሪ ፎርድ የሚባል የ32 ዓመት መሐንዲስ ከቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ አራት የብስክሌት ጎማ ያላት መኪና ሠርቶ ጨረሰ። ሌሊት ሊሞክራት ሲያወጣት በበሩ አላልፍ አለች። ሰውዬው በሩን ሳይለካ ነው የሠራት! መጥረቢያ አንስቶ ግድግዳውን አፈረሰው። ይህቺን ታሪክ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። በኋላ ላይ ግን ሳቄ ቆመ፤ መኪና ለመውጣት ሲል የሚያፈርሰው ነገር በዚያ ግድግዳ እንዳላበቃ ስለገባኝ።

በ1900 በመላው አሜሪካ የነበረው መኪና ወደ 8 ሺህ ገደማ ነው። አብዛኛው በእንፋሎት ወይም በባትሪ የሚሄድ ነበር። አዎ፣ ኤሌክትሪክ መኪና የዛሬ ግኝት አይደለም። ቤንዚን ያሸነፈው በሂደት ነው። በ1901 ቴክሳስ ውስጥ ስፒንድልቶፕ በተባለ ቦታ ነዳጅ እንደ ምንጭ ፈንድቶ ወጣና ዋጋው ወረደ። በ1912 ደግሞ ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የፈጠረውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጠመ። ከዚያ በፊት ሞተር ለማስነሳት ከፊት ለፊት ብረት ሰክቶ በእጅ ማዞር ግድ ነበር፤ ብረቱ ተመልሶ ክንድ የሚሰብርበት ጊዜም ነበር። እንዲያም ሆኖ መኪና የሀብታም መጫወቻ ነው። ራንሰም ኦልድስ በ1901 ብቅ ያደረጋት ትንሿ መኪና እንኳን 650 ዶላር ነበረች፤ ለተራ ሠራተኛ የማይነካ ገንዘብ።

አምስት ዶላር

ይህን የለወጠው ያ ግድግዳ ያፈረሰው ሰውዬ ነው። ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲን አወጣ፤ 850 ዶላር። ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጭቃ የማትፈራ፣ ገበሬ በራሱ መፍቻ የሚጠግናት መኪና ናት። ገበሬዎቹም የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንስተው በሞተሯ እንጨት ይሰነጥቁባታል፣ ውኃ ይስቡባታል። በ1913 ሃይላንድ ፓርክ በሚገኘው ፋብሪካው መኪናው ወደ ሠራተኛው እየተጎተተ የሚመጣበትን የመገጣጠሚያ መስመር ዘረጋ። አንድ ሻንሲ ለመገጣጠም 12 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ብዙም ሳይቆይ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ዋጋው በየጊዜው እየቀነሰ ሄዶ በ1925 ርካሿ ሞዴል ቲ 260 ዶላር ገባች።

ችግሩ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ አንዲት ብሎን ብቻ ማጥበቅ ማንን ያስደስታል? በ1913 ፎርድ 14 ሺህ ያህል ሠራተኛ ይዞ ለመቆየት 52 ሺህ ያህል ሰው መቅጠር ነበረበት። ገቡ፣ ሰለቻቸው፣ ወጡ። በጃንዋሪ 1914 የቀን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አሳድጎ አምስት ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ፤ የሥራ ሰዓቱንም ወደ ስምንት አወረደው። ከፋብሪካው በር ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሥራ ፈላጊ በብርድ ተሰለፈ። ግርግር ሲነሣም በዚያ ብርድ የእሳት አደጋ ውኃ ተረጨበት። የጃንዋሪን ብርድ ስለማውቀው ይህን ሳነብ እኔን ራሴን በረደኝ።

አምስቱም ዶላር ቢሆን ዝም ብሎ አይሰጥም። ፎርድ የሠራተኛውን ቤት የሚጎበኝ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ትጠጣለህ ወይ? ቤትህ ንፁህ ነው ወይ? ገንዘብ ታጠራቅማለህ ወይ? ስደተኞቹን ደግሞ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አስገባቸው። ምረቃቸው ላይ ምን አደረጉ መሰላችሁ? መድረክ ላይ ትልቅ ድስት ተሠራ። ተመራቂው የአገሩን ልብስ ለብሶ ወደ ድስቱ ይገባና በሌላ በኩል ኮትና ሱሪ ለብሶ፣ የአሜሪካ ባንዲራ እያውለበለበ ይወጣል። መጽሐፉን ዘግቼ በመስታወቱ ውስጥ የደንብ ልብሴን አየሁት። ድስቱ እኔን በየትኛው ቀን እንዳስገባኝ አላስታውስም።

ጥያቄዋ ስትወለድ

አሁን ወደ ጉዳያችን። ፎርድ ዱቤ አይወድም ነበር። ሰው አጠራቅሞ ይግዛ ባይ ነው። ተፎካካሪው ጄኔራል ሞተርስ፣ በ1908 ዊልያም ዱራንት ያቋቋመው ኩባንያ፣ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1919 ለመኪና ገዢ የሚያበድር የራሱን የፋይናንስ ድርጅት ከፈተ። ትንሽ ቅድሚያ ክፈል፣ መኪናውን ዛሬ ውሰድ፣ ቀሪውን በየወሩ ከነወለዱ አምጣ። በእኔ ግምት ያቺ ጥያቄ ትልቅ ቢሮ ያገኘችው ያን ጊዜ ነው።

ፎርድ ምን መለሰ? በ1923 ሳምንታዊ የቁጠባ ዕቅድ አወጣ። ገዢው በየሳምንቱ አምስት ዶላር ለሻጩ ይሰጣል፣ ገንዘቡ ባንክ ይቀመጣል፣ ዋጋው ሲሞላ መኪናው ይሰጠዋል። ይህን ሳነብ ‹‹እንዴ! ይሄማ ዕቁብ ነው›› አልኩ። ልዩነቱ የፎርድ ዕቁብ ዕጣ የለውም፤ ሁሉም ሰው የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ያህል ነው። ሰዉ ተመዘገበ፤ ግን መንገዱን ሻገር ብሎ ዛሬውኑ መኪና የሚያስረክብ ሻጭ እያለ ማን ይጠብቃል? ዕቅዱ ከሸፈ። በ1920ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት አራት መኪኖች ሦስቱ ያህል የሚሸጡት በዱቤ ሆነ።

ዱቤ ብቻውን አልመጣም። በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የሆነው አልፍሬድ ስሎን መኪኖቹን እንደ መሰላል ደረደራቸው። ታች ሼቭሮሌት፣ ላይ ካዲላክ፣ መሀል ላይ ሌሎቹ። ቀለሙ በየዓይነቱ ነው፤ ቅርፁ በየጊዜው ይለዋወጣል። ፎርድ ለብዙ ዓመታት ጥቁር ብቻ ሲሸጥ ስሎን ጎረቤትን የሚያስቀና ነገር ይሸጥ ነበር። ሞዴል ቲ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ በሜይ 1927 ቆመች። በ1928 ፎርድም በሽንፈት የራሱን አበዳሪ ድርጅት ከፈተ። ዱቤን የሚጠላው ሰውዬ ራሱ ያቺን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው።

ውጤቱን በቁጥር እዩት። በ1900 ወደ 8 ሺህ የነበረው መኪና በ1920 ከ8 ሚሊዮን፣ በ1929 ከ23 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በዚያው በ1929 ተመራማሪዎቹ ሮበርት እና ሄለን ሊንድ ስለ አንዲት የኢንዲያና ከተማ፣ ስለ መንሲ፣ ጥናታቸውን አሳተሙ። መኪናቸውን ከሚያጡ ልብስ፣ ምግብም ቢሆን ቢቀርባቸው የሚመርጡ ሰዎች አጋጥመዋቸዋል። ዕብደት ይመስላል። ግን የጊዜውን ብድር አስቡት። አንድ ሦስተኛውን ቀድመህ ትከፍላለህ፣ ቀሪውን በ12 ወር ገደማ ትጨርሳለህ። መሀል ላይ ካቆምክ መኪናው ይወሰዳል፤ የከፈልከውም አብሮ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ ይከፍላል። የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዋ ማርታ ኦልኒ የ1930 ድቀት የከፋበትን አንዱን ምክንያት ከዚሁ ጋር ታያይዘዋለች። ሰዉ የዕዳ ክፍያውን ላለማቋረጥ ሌላ ሌላውን መግዛት አቆመ።

የዚያን ጊዜው ዕዳ 12 ወር ነው። የኔው ሰባ ሁለት።

ፋራው ማነው?

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ያ የእግረኛ መንገድ ለምን አለቀ?

መኪና ከመምጣቱ በፊት የአሜሪካ ከተማ መንገድ የሁሉም ነበር። ጋሪ ይሄድበታል፣ ሻጭ ይቆምበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። መኪና ሲመጣ ሞት መጣ። በ1920ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በመኪና አደጋ አለቀ። በከተሞች ውስጥ ከሟቾቹ ብዙዎቹ እግረኞች ነበሩ፤ ሕፃናትም በርካታ ናቸው። እዚህ ጎረቤታችን ባልቲሞር ውስጥ በ1922 በመኪና ለሞቱ ሕፃናት የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞ ነበር። በ1923 የሲንሲናቲ ከተማ ነዋሪዎች ከ42 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። ጥያቄያቸው የከተማዋ መኪኖች በሙሉ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይሄዱ የሚያግድ መሣሪያ ይገጠምላቸው የሚል ነው። መኪና ሻጮችና የመኪና ክበቦች ተባብረው ዘመቱበት። ሐሳቡ በድምፅ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፒተር ኖርተን የተባለ የታሪክ ምሁር በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር ይተርከዋል። መንገዱ ብቻ ሳይሆን ጥፋቱም ባለቤት ቀየረ። ‹‹ጄይዎከር›› የሚል ቃል በየጋዜጣው ተዛመተ። ‹‹ጄይ›› በዘመኑ የከተማ ወግ የማያውቅ ባላገር ማለት ነው። በእኛ የሰፈር አማርኛ ፋራ። መንገድ መሀል የሚሄድ ሰው ፋራ ተባለ፤ ተሳቀበት። በ1925 ሎስ አንጀለስ እግረኛውን በማቋረጫ ብቻ እንዲሻገር የሚያስገድድ ደንብ አወጣች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። ትናንት ገዳዩ መኪና ነበር፤ ዛሬ ጥፋተኛው እግረኛ ሆነ። አሁን ያ ሰውዬ በመስኮት ምን ብሎ እንዳለፈ የገባኝ መሰለኝ።

እኔም ገዛሁ

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንብቤ መኪና ተውኩ ብላችሁ ውሸት ነው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልቅበትን ሰው ታሪክ አያሳፍረውም። ፓርኪንግ የምንሠራ አሥራ አምስት ልጆች ዕቁብ አለን፣ በወር ሦስት መቶ ዶላር። የኔ ዕጣ አሥራ አንደኛ ነበር። የሦስተኛው ባለ ዕጣ ጉዳዬን ሰምቶ ቦታ ተለዋወጠኝ። ‹‹ምን ላድርግልህ?›› ብለው ‹‹ማታ ስትገባ እኔንም ሰፈሬ ጣለኝ›› አለኝ። ወለዱ ይኼው ነው። ዋስ ሆኖ የፈረመልኝ አጎቴ ነው። ‹‹አሮጌ ብረት ልትገዛ!›› እያለ ነው የፈረመው።

ያን ጊዜ ዕቁብ ምን እንደሆነ ይበልጥ ገባኝ። ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ቆጣቢ ነው። ጄኔራል ሞተርስ እና ፎርድ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ማለት ነው። እኔም ተበድሬያለሁ፤ ንፁህ አይደለሁም። ግን ያበደሩኝን ሰዎች በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ ዋጋውንም ሙሉውን አውቀዋለሁ፤ አራት ሺህ አምስት መቶ ዶላር፣ የአሥራ አራት ዓመት ቶዮታ።

ጥያቄዋ ግን በበር ስትባረር በመስኮት ተመልሳ ገባች። ኢንሹራንስ በወር፣ ቤንዚን በሳምንት፣ ጎማ ሲያልቅ። ያም ሆኖ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተመልሶልኛል። እናቴ ጋ የምደውለው እንደ ድሮው ባቡር ውስጥ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ አይደለም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ይህን ጥቅም የሚንቅ ሰው አውቶቡስ ጠብቆ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁና ላብቃ። መኪናውን በገዛሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጓደኛዬን ሰፈሩ ጥዬ ስመለስ፣ በዚያችው የእግረኛ መንገድ ባለቀባት መንገድ እየነዳሁ ነው። ዝናብ ይዘንባል። ጥቁር ጃኬት የለበሰ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ድንገት ከፊቴ ብቅ አለ። መሪውን ወደ ግራ ቆልምሜ አለፍኩት። እጄ ክላክሱ ላይ ነበር። አፌም ዝም አላለም፤ ‹‹ይሄ ፋራ! በዚህ ሌሊት መሀል መንገድ ላይ ምን ያደርጋል?›› አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን።

ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የሰማሁት። በመስታወቱ ወደ ኋላ ብመለከት ጨለማ ብቻ ነው። ልመለስ ብል መዞሪያው ሩቅ ነው። ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ። አሜሪካንን ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶባታል።